ጌሙ የሚሰርዘው ዕዳ
(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። በቅዳሜው የማጠናከሪያ ትምህርት ልጆቹ ከደብተራቸው ሥር ስልክ ደብቀው ጌም ሲጫወቱ ተገኙ። ግማሾቻችን «ስልክ የያዘ ልጅ በሩን አይርገጥ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እሺ፣ ቤቱ ሲገባስ ማን ይከለክለዋል?» አልን። ውሳኔው ለዛሬ ተላለፈ፤ ሰብሳቢያችንም «አንቺ ከልጆቹ ጋር ስለ ጌም ስታወሪ እሰማለሁና የምታውቂውን ንገሪን» ብለው ይህን ሥራ ሰጡኝ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዲፕሎማዬም በአካውንቲንግ ነው። ፊዚክስ የማውቀው ከድሮ ደብተሬና የእህቴን ልጅ ሳስጠና ካነበብኩት ነው። ግን ነገሩን ቀረብ ብዬ ሳየው ከሙያዬ ብዙም የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ጌም ማለት በጣም ፈጣን የሂሳብ መዝገብ ነው። መዝገብ ከሆነ ደግሞ የት ላይ በትክክል እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደተጭበረበረ መመርመር ይቻላል።

መነሻውን ላስቀድም። ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱን የሠራው ዊሊያም ሂጊንቦተም የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በኒውዮርክ ግዛት ባለው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። በ1958 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ላቦራቶሪው ለጎብኚዎች ክፍት በሚሆንበት ቀን እንግዳው ቆሞ እንዳያዛጋ ብሎ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። እዚያ የነበረው ኮምፒውተር የተወነጨፈ ሚሳይል ወይም የምትነጥር ኳስ የምትሄድበትን መንገድ ማስላት ይችል ነበር። እሱም ያንኑ ስሌት ወስዶ በትንሽ ክብ መስኮት ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል የብርሃን ነጥብ አደረገው። ጎብኚው ለመጫወት ተሰለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስበቱን መቀየር እንዲቻል አድርጎ ኳሷ ጨረቃ ላይ ወይም ጁፒተር በምትባለው ግዙፍ ፕላኔት ላይ ብትሆን እንዴት እንደምትሄድ አሳየ። ይህ ሰው ቀደም ሲል የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ላይ የነበረ፣ በኋላ ዕድሜውን የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ በመከራከር ያሳለፈ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ወጣቶች የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ሠሩ። መሃል ላይ ያለው ኮከብ መርከቦቹን ወደ ራሱ ይስባል። የሚተኮሱትን ቶርፒዶዎች ግን አይስብም፤ የዚያን ጊዜው ኮምፒውተር ያን ሁሉ ስሌት በአንዴ ማድረስ አልቻለምና። እንደኔ እንደኔ ቶርፒዶዎቹ ከስበት ግብር ነፃ ተደረጉ ማለት ነው። ነፃ የማድረጉ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ዕለታዊ የገንዘብ መዝገብ የያዛችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ጠዋት የትናንቱን ቀሪ ትጽፋላችሁ፣ የዛሬውን ገቢ ትደምራላችሁ፣ ወጪውን ትቀንሳላችሁ፣ ማታ አዲሱን ቀሪ ታወጣላችሁ። ነገ ደግሞ ከዚያ ቀሪ ትነሳላችሁ። ጌም ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ያለፈው ፍጥነት ይህን ያህል ነበር፣ ስበት ይህን ያህል ጨመረበት፣ አዲሱ ፍጥነት ይኸው፤ በዚህ ፍጥነት ይህን ያህል ወረደ፣ አሁን ያለበት ቦታ ይኸው» ይላል። ልዩነቱ እኛ በቀን አንዴ ስንዘጋ እሱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ መዝጋቱ ነው። የምድር ስበት የሚጨምረው በየሰከንዱ 9.8 ሜትር በሰከንድ ነው። ስለዚህ አየሩን ካልቆጠርነው የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያዋ ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወርዳል፣ በሁለተኛዋ መጨረሻ 19.6 ሜትር፣ በሦስተኛዋ መጨረሻ 44.1 ሜትር ይደርሳል። እንደ ወለድ ነው፤ በቆየ ቁጥር እያበጠ ይሄዳል።

ልጆቻችሁ የሚያውቁትን አንግሪ በርድስን ውሰዱ። በ2009 ሮቪዮ የተባለ የፊንላንድ ድርጅት ያወጣው፣ በባለ ሹካ እንጨት ላስቲክ ወፍ የሚወነጨፍበት ጨዋታ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት መዝገብ አለ። አንደኛው የአግድሙ ጉዞ ነው፤ እሱን የሚነካው የለምና ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ሁለተኛው የሽቅቡ ነው፤ ከእሱ ላይ ስበት በየቅጽበቱ ይቀንሳል፣ ባዶ ሲሆን ወፉ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱ መዝገቦች አይነካኩም። የቀስተ ደመና የመሰለው መንገድ የሚወጣው ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ብቻ ነው። ብዙ ርቀት የሚገኘው ደግሞ በ45 ዲግሪ ሲወነጨፍ ነው፤ በ30 ዲግሪና በ60 ዲግሪ የተወነጨፉ ሁለት ወፎች እኩል ይርቃሉ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ፈጥኖ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ዘግይቶ። ይህንን የእህቴ ልጅ ፊዚክስ ሳይማር በጣቱ ያውቀው ነበር። «አክስቴ፣ ከላይም ከታችም ብትልኪው እዚያው ነው የሚወድቀው» አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። መምህር የሚያስፈልገው እዚያ ዝምታ ላይ ነው።

አንድ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር የዚህን ጨዋታ ምስል በምስል ለክቶ ነበር። ስበቱ እንደኛዋ ምድር ከሆነ ያቺ ቀይ ወፍ ከግማሽ ሜትር በላይ ቁመት ያላት መሆን አለባት። እንዲህ ዓይነት ዶሮ ብናገኝ ለፋሲካ ለአንድ ቤት ትበዛ ነበር።

ኳሱም ላይ እንዲሁ ነው። በየሰፈሩ ባሉት ጌም ቤቶች ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ፊፋ ይጫወታሉ። እዚያ ኳሷ ስትጠማዘዝ የሚያዩት ማግነስ በተባለ የጀርመን ሊቅ ስም የሚጠራው ነገር ነው፦ የምትሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፣ አየሩም በምላሹ እሷን ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። ብራዚላዊው ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያስቆጠራት ቅጣት ምት በዚህ ነው ከግንቡ ውጭ ሄዳ የተመለሰችው። ወንዶቻችን ይህን በዓይናቸው ጠግበው ነው ክፍል የሚገቡት። ሴቶቹ ልጆቻችን ጌም ቤት አይገቡም፤ መግባታቸውንም የምንወድ አይመስለኝም፣ እኔም አልወድም። ቤት ሲሆንም ስልኩ ወንድምየው እጅ ላይ ነው፣ እሷ ዕቃ እያጠበች ነው። ከዚያ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ፊዚክስ ሲከብዳት «ሴት ልጅ ሒሳብና ፊዚክስ አይሆንላትም» እንላለን። መነሻ ካፒታሉን ለአንዱ ብቻ ሰጥተን ትርፉን ከሁለቱም እየጠየቅን እኮ ነው።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ ልምጣ። ሁሉም ማጭበርበር ክፉ አይደለም። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የሚባለውን የ1985 የጃፓን ጨዋታ ሳታዩት አትቀሩም፤ ባለ ቆቡ ትንሽ ሰውዬ የሚዘልበት ነው። ሰው እግሩ ከመሬት ከለቀቀ በኋላ በሐሳቡ ከፍታውን መጨመር አይችልም፣ አቅጣጫውንም መቀየር አይችልም፤ የሚገፋው ነገር የለማ። ማሪዮ ግን ቁልፉን ይዘህ ከቆየህ ከፍ ይላል፣ አየር ላይ እያለም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ስበቱ ከወጣበት ጊዜ የበለጠ ይከብድበታል። በእውነተኛው ዓለም ሰውነቱን ግማሽ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ጎበዝ ዘላይ አየር ላይ የሚቆየው ለ0.64 ሰከንድ ያህል ነው። ይህን በትክክል ቢያስገቡት ጨዋታው አይጣፍጥም ነበር፤ ጣት ሳይደርስ አልቋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለጣዕም ሲሉ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ፈቀዱ። ኦዲተር ብሆን ምልክት አድርጌ አልፈዋለሁ። ማንም ልጅ ይህን አይቶ አየር ላይ ለመመለስ አይሞክርም፤ ከሞከረም አይጎዳም።

የማላልፈው ሌላ ነው። መኪና በሚሰረቅባቸውና ሰው ከፎቅ ፎቅ በሚዘልባቸው ጨዋታዎች ውስጥ ሰውዬው ይወድቃል፣ ተነስቶ ልብሱን ያራግፋል፣ ይሮጣል። ከደረጃው ላይ የወጣበትን ከፍታ እንደ ቁጠባ ቁጠሩት፤ ሲወድቅ ቁጠባው ወደ ፍጥነት ይመነዘራል። መሬት ሲደርስ ያንን ፍጥነት በሙሉ አስረክቦ መቆም አለበት። ይህን ዕዳ በሉት። ጌሙ እስከ መሬት ድረስ ያለውን ሂሳብ በትክክል ይሠራል፣ የመጨረሻውን መስመር ግን ይሰርዘዋል።

ዕዳው ስንት ነው? ከ3 ሜትር ግንብ የዘለለ ልጅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ከ10 ሜትር፣ ማለት ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ፣ የወደቀ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ከመካከላችን በግንባታ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆናችሁ ሲሚንቶ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የተሸከማችሁ አላችሁ፤ እዚያ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ በሰዓት 50 የሚበር መኪና እያያችሁ እንደሆነ አስቡ።

ዕዳው አይቀርም፤ አከፋፈሉ ግን ይለያያል። በአንድ ጊዜ የሚከፈል ብድርና ተከፋፍሎ የሚከፈል ብድር እኩል እንደማያስጨንቁ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከ3 ሜትር የዘለለው ልጅ ጉልበቱን አድርቆ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ አጥንቱ የሚሸከመው የክብደቱን 60 እጥፍ ያህል ነው። ጉልበቱን አጥፎ፣ ተንከባልሎ በግማሽ ሜትር ውስጥ ከቆመ ወደ 7 እጥፍ ይወርዳል። ዕዳው ያው ነው፤ የተከፈለበት ርቀት ነው የረዘመው።

እስቲ ሁለታችሁ ያንን ጋቢ ያዙልኝ። ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከታች ጠርዙን ወደ ላይ አጠፍ፣ እንደ ኪስ። ሳትወጥሩት። ይህ ጥሬ እንቁላል ነው። ሰብሳቢያችን፣ እርስዎ ይወርውሩት፣ ባለ በሌለ ጉልበትዎ።

(እዚህ ላይ ሰብሳቢያችን እንቁላሉን ጋቢው ላይ ወረወሩት። ሳይሰበር ኪሱ ውስጥ ተገኘ።)

ወለሉ ላይ ወርውረን ማወዳደር ነበረብን፤ ግን እንቁላል ስንት እንደገባ ታውቃላችሁና ለዚህ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም ብዬ አንዱን ብቻ ነው የገዛሁት። ጋቢው እየተሳበ ሄዶ ዕዳውን ቀስ በቀስ ተቀበለው። ሞተር ሳይክል ላይ የሚደረገው ቆብ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሥራው ይህ ነው። የመኪና ቀበቶም ይህ ነው።

በሰፈራችን ባለፈው ክረምት አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከግንብ ዘሎ ሁለት እግሩ ተሰበረ። ጌሙ ነው ያዘለለው ማለት አልችልም፤ ልጆች ጌም ሳይኖርም ከግንብ ይዘሉ ነበር። ልጠይቀው ሄጄ ግን «በጌሙ እኮ ከዚህ ይበልጥ ይዘላል» ያለኝን አልረሳውም። ከፍታውን በደንብ ገምቷል። መጨረሻ ላይ የሚከፈል ነገር እንዳለ የነገረው አልነበረም።

እኛ አዋቂዎቹም ብንሆን ይህን መስመር እንሰርዛለን። ሚኒባስ ላይ ፊት ወንበር ተቀምጣችሁ ሕፃን ታቅፋችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችን እናውቃለን። መኪናው በሰዓት 50 እየሄደ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቆመ እንበል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት ከእጃችሁ የሚወጣው በ200 ኪሎ ጉልበት ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ነው። ሁለት ኩንታል በክንዷ የምትይዝ እናት የለችም፤ የፍቅር ማነስ አይደለም፣ ሂሳቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ልጅ ይዘን ፊት አንቀመጥ፣ ቀበቶ ካለም ለልጁ ለብቻው ይታሰርለት፤ አንድ ቀበቶ እናትና ልጅን ደርቦ ከታሰረ ደግሞ የእናቲቱ ክብደት ልጁ ላይ ያርፋል።

ስለ መኪና ካነሳሁ ፍሬኑን ልጨምር። በውድድር ጌሞች ውስጥ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቀጥ ይላል፤ ግንብ ቢመታም ተመልሶ ይሄዳል። በደረቅ ጥሩ አስፋልት ላይ በሰዓት 30 የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ለመቆም ወደ 5 ሜትር ይፈልጋል። በ60 ሲሆን 10 ሜትር ይመስላችኋል፤ ወደ 20 ሜትር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የምታልፈው አንድ ሰከንድ ስትጨመርበት የ60ው ወደ 37 ሜትር ይደርሳል፣ የ30ው 13 ሜትር ነው። ዝናብ ካለ ሁለቱም ይብሳሉ። መንገድ የሚሻገር ልጅ «ሩቅ ነው፣ ይቆማል» ብሎ ሲገምት ግምቱን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ ውሳኔው። የኔ ሐሳብ ስልክ ከክፍሉ በር ላይ በቅርጫት ይሰብሰብ፣ ለሁለት ሰዓት ማንም አይንካው ነው። በዚህ «አይርገጥ» ካሉት ጋር ነኝ። የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ግን ለዚሁ ጉዳይ ትዋል። ደጋፊዎቻችን የሰጡን ሁለት ላፕቶፖች በቁም ሳጥን ተቆልፈው ነው ያሉት፤ በንብረት መዝገቡ ላይ በየዓመቱ እርጅና እየቀነስኩላቸው ነው፣ ሥራ ግን አልሠሩም። ፌት የሚባል በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው፣ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን በ2002 የጀመሩት የፊዚክስ ማሳያ አለ። በነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ልጁ ራሱ ይወነጭፋል፣ ስበቱን ይቀይራል፣ የአየሩን ግፊያ ያበራል ያጠፋል። ከማህበሩ ካዝና የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ከእናንተ የምጠይቀው በየሳምንቱ ሁለት እናቶች በተራ አጠገባቸው እንዲቀመጡ ነው። ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። «አሁን ይህ ፍጥነት የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ልጁ መልስ ካጣ ለመምህሩ ይጽፈዋል። ደግሞ በሁለቱም ላፕቶፖች ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት ሴቶቹ ልጆች ይሁኑ። ወንዶቹ ሲያጉረመርሙ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ሐሳቡ ካለፈ በመጪው ቅዳሜ የምንጀምረው በ30ና በ60 ዲግሪ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት የትኛው እንደሚርቅ በወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል፣ ከዚያ ይወነጭፋል። ወረቀቶቹን ይዤ በሚቀጥለው ስብሰባ አመጣላችኋለሁ። አሁን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ እንቁላሉን ግን መልሱልኝ፣ በወጪ አልመዘገብኩትም።